ተሳፋሪው የት ነው የሚቀመጠው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመነሻው ልጀምር። በቡና ለቀማ ሰሞን ወደ ሚዛን ተፈሪ ወርጄ ነበር። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ሸኮን ያውቃታል። ግራና ቀኙ ደን ነው፤ ከደኑ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ ከሁሉም በላይ ጉም። እዚያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ሥነ ጽሑፍ አስተምሬው ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ ይልቅ ብልህ ስለነበረ የቡና ነጋዴ ሆነ። «ጋሼ፣ ሸኮ ድረስ መጥተው ቤቴን ሳይረግጡማ አይሄዱም» አለና ይዞኝ ገባ።

ሳሎኑ የሁላችንም ሳሎን ነው። ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ፣ ባለመስታወት ቡፌ። ቡፌው ውስጥ እንደ ወጉ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ የሠርግና የምረቃ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው የክብሩን ቦታ ይዛ፣ በጥቁር ማቆሚያ ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፋ ያደረገች አንዲት አውሮፕላን ተቀምጣለች። ውጭ አገር ያለው ወንድሙ የላከለት ነው። «ሱ-25 ናት» አለኝ፤ ልክ የልጁን ስም እንደሚነግር ሰው ፊቱ በርቶ።

ቡናው እየተቆላ ሳለ የሰባት ዓመት ልጁ ከጓሮ መጣ። በእጁ ከበቆሎ አገዳ የሠራትን የራሱን አውሮፕላን ይዟል፤ ክንፏ በእሾህ የተሰካ፣ ጭራዋ ከሙዝ ቅጠል። አባትዬው ቡፌውን ከፍቶ እያሳየኝ ስለነበር ልጁ ተጠግቶ ሁለቱን አውሮፕላኖች አስተያየና፣ «አባዬ፣ በዚችኛዋ ላይ ተሳፋሪው የት ነው የሚቀመጠው?» አለ። እውነት ነው፣ የእሱ አገዳ በየጎኗ መስኮት ተፍቆላታል። «ይቺ ሰው አትጭንም፣ የጦር ናት» አለው አባቱ። «ታዲያ ምን ትጭናለች?» አባትዬው እኔን አየኝ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ፣ «ዕቃ» አለው።

ዕቃ! እኔም ዝም አልኩ። አቦሉ ተቀዳ፣ ጠጣን፣ ወሬ ቀየርን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ዝም በማለቴ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ነገርዬዋ ቆንጆ ናት። ቆንጆ አይደለችም ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል። የተሠራችው ቀልጦ በኃይል ወደ ብረት ቅርጽ ከሚገፋ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ለዚህ ነው በእጅ ሲይዟት የምትከብደው። እውነተኛዋ አውሮፕላን ርዝመቷ 15 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ይቺ 72 ጊዜ አንሳ 21 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆናለች። በክንፎቿ ሥር አሥሩ መስቀያዎች አሉ፤ በየመስቀያው ቦምቡና ሮኬቱ አለ። የአፍንጫዋ ሥር ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ ሳይቀር ቦታውን ይዟል። ለጉንዳን እንኳ በማይነበብ ፊደል የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ታትመውባታል። እንዲህ ያሉትን የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ ሆቢ ማስተርና ኮርጊ የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለእነሱ ያመርታሉ፤ ለአንዷ መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚከፍል አይጠፋም። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ዐይናቸው ምሕረት አያውቅም። የአንድ ብሎን ቦታ ቢዛነፍ፣ የቀለሙ አረንጓዴ ትንሽ ቢደምቅ፣ «ይህ ትክክል አይደለም» ይላሉ።

እንግዲህ የእኔ ጠብ ከዚህ ቃል ጋር ነው። «ትክክል» ከሚለው ቃል ጋር።

ሱ-25 በስሟ የምድር ጥቃት አውሮፕላን ናት። ሶቪየቶች በ1975 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ አበረሯት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፍጋኒስታን ላይ ዘመተች። አብራሪዋ በቲታኒየም ገበር ውስጥ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ዝቅ ብላ ስለምትበር ከታች የሚተኮሰው ያገኛታል። ኢትዮጵያም ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ወቅት፣ በ1992 ዓ.ም. ጥቂቶቹን ከሩሲያ ገዝታለች። መላ አካሏ፣ ገበሯም፣ መድፏም፣ የክንፏም አቀማመጥ የተወሰነው በአንድ ነገር ነው፤ ከታች ባለው። ታዲያ ያቺ የቡፌ አውሮፕላን ሁሉ ነገር ሲኖራት ያ አንድ ነገር ብቻ የላትም። ታች የላትም። አፍንጫዋን ደፍታ የምትወርደው ወደ መስታወት መደርደሪያ ነው።

ሃያ ዓመት ግድም ሰምና ወርቅ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሰሙ ብቻ የገባው ተማሪ ቅኔውን ሰማሁ አይልም፤ ዜማውን ሰማሁ ቢል ነው። ይቺ አውሮፕላን ሰሟ ያለ እንከን የተሠራ፣ ወርቋ ግን የተሰረቀ ቅኔ ናት። አንድ ብሎን ሲዛነፍ የሚጮኸው ሰብሳቢ የጠፋውን ወርቅ አንድም ቀን አልፈለገውም።

እስቲ እኛው እንፈልገው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ በትግራይ የሐውዜን ገበያ የሚውልበት ቀን። የደርግ ሚግ-23 ጄቶችና ሄሊኮፕተሮች ገበያውን ደበደቡት። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች 1,800 ያህል ሰው ሞተ ሲሉ 2,500 የሚሉም አሉ። ትንሹን ቁጥር እንውሰድ። አሁን በሰብሳቢዎቹ ሕግ፣ ማለትም ሁሉንም ነገር 72 ጊዜ በማሳነስ ሰዎቹን እንሥራቸው። አንድ አዋቂ ሰው ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል፤ የትከሻው ስፋት ስድስት ሚሊ ሜትር። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ጨው ልትገዛ የመጣችውን፣ ፍየል ሊሸጥ የመጣውን፣ የእናቱን ቀሚስ ይዞ የቆመውን፣ 1,800ውን ትከሻ ለትከሻ ብናቆማቸው ሰልፉ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። የቡፌው መደርደሪያ አይበቃውም። ሳሎኑን ያልፋል፣ በረንዳውን ይወርዳል፣ የወዳጄ ግቢ ውስጥ ገብቶ ቡና ዛፎቹ ሥር ይደርሳል። «ትክክል» ማለት ይህ ነው። አውሮፕላኗ ብቻዋን ስትቆም ሥራዋ በግማሽ ነው የተሠራው ማለት ነው።

ስለ ሐውዜን በጊዜው አንድም ቃል አልሰማሁም። ተማሪ ነበርኩ፤ ሬዲዮኑ የሚነግረንን ነበር የምንሰማው። የሰማሁት ከዓመታት በኋላ አስተማሪ ሆኜ፣ ከአንዲት ተማሪዬ ነው። ክፍል ውስጥ ሆነን በሰማይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እስክሪብቶዋን ታስቀምጥ ነበር። እንደ ሌሎቹ ቀና ብላ አታይም፤ እስክሪብቶዋን ብቻ አስቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ልማድ ሆኖብኝ ነው መምህር» አለችኝ። ሕፃን ሳለች በእነሱ አገር ገበያ የሚቆመው በሌሊት ነበር። በዚያ ጦርነት የትግራይ ሰው ከአየር ድብደባ ለማምለጥ ገበያውን ወደ ጨለማ እንዳዞረ ዛሬ በብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከመጽሐፍ በፊት ከእሷ ሰማሁት። «እናቴ ጨው የምትመርጠው በኩራዝ ነው፤ ሲነጋ አሸዋ የተቀላቀለበት ሆኖ ታገኘዋለች» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ አውሮፕላን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ አሸዋ ያለበት ጨው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት እንዲህ ነው።

ከላይ ሆኖ ማየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በፊት ልናውቅ ይገባን ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፣ በሰሜን ጦር ግንባር በሠራዊቱም በገበሬውም ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ከአብራሪዎቹ አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። ሲመለስ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦምብ የጣለባቸውን ፈረሰኞች ሲበተኑ በሚፈካ ጽጌረዳ መስሏቸዋል። ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ምሳሌ አድርጌ አቀርበው ነበር፤ ተምሳሌት የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ማስዋቢያ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴ መደበቂያም እንደሆነ ለማሳየት። ሰውዬው ውሸታም አልነበረም፤ ከላይ ሲታይ ምናልባት እውነትም አበባ ይመስል ይሆናል። ቡፌው ውስጥ ያለችው አውሮፕላን የምታስተምረን ዐይን ይህን ዐይን ነው። ነገሩን ሁሉ ከአብራሪው ወንበር አስቀምጣ ታሳየናለች።

የጀርመኖቹ ስቱካ ደግሞ ከዚህ ትብሳለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትወርድ የምትጮኽበት ፉጨት ተገጥሞላት ነበር፤ «የኢያሪኮ መለከት» ይሏታል። ጩኸቱ ለበረራው የሚጠቅመው ነገር የለም። የተሠራው ከታች ላለው ሰው ጆሮ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ የጭካኔ መሐንዲስ እንኳ ከታች ሰው እንዳለ አልረሳም ነበር። ሞዴሏን ገዝቶ ቡፌ ውስጥ የሚያስቀምጠው ደግ ሰው ነው የረሳው።

የሚነሱብኝን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ፤ ወዳጄም ሁለተኛው ቡና ላይ አንስቷቸዋል። አንደኛው፣ «ታሪክ ነው ጋሼ፤ ታሪክ ይጠላል?» የሚለው ነው። ታሪክማ አይጠላም። ግን ቡፌው ውስጥ ያለው የታሪክ ግማሽ ነው፤ ያውም የሚያብረቀርቀው ግማሽ። ሁለተኛው፣ «አየር ኃይላችን እኮ አገር አድኗል» የሚለው ነው። ይህን አልክድም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ የኛ ኤፍ-5 አብራሪዎች በአየር ላይ ተዋግተው ምን እንደሠሩ ይታወቃል። ለገሠ ተፈራ ወድቆ ተማርኮ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ማቋል። ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደርም የራሱ አውሮፕላን ስትመጣለት እንዴት እንደሚያመሰግን ከወታደር አፍ ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም ሙሉውን ይነገር። ለገሠን የሚያከብር ሰው አውሮፕላኑን ሲያሳይ እስር ቤቱንም ይንገር። የእሱ ክብር ያለው 11 ዓመቱ ውስጥ ነውና።

ሦስተኛው ክርክር፣ «መጫወቻ ነው፤ ብረት ነው፤ ምን አገባው?» የሚለው ነው። ይኼኛው ነው የሚያናድደኝ። አይዴር ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆችም የአውሮፕላን መጫወቻ ይወዱ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ሲደበድቡ የጣሊያን ሥሪት በሆኑት ኤም ቢ-339 ነው። በኋላ ሄግ ላይ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን 53 ሲቪሎች መሞታቸውን፣ 185 መቁሰላቸውን መዝግቦ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። ያችኑ ዓይነት አውሮፕላን የጣሊያን የአየር ትርዒት ቡድን በሰማያዊ ቀለም አስውቦ፣ በባንዲራው ቀለም ጭስ እያስለቀቀ በየበዓሉ ሲያበራት ኖሯል። አምሳያዋም በዚያው በትርዒት ቀለም ይሸጣል። የአንዱ አገር የበዓል ጌጥ የሌላው አገር የሐዘን ቀን ነው። ብረቱ ምንም አያገባውም፤ ልክ ነው። የሚያገባን እኛ ነን።

ደግሞ ይህ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ እንደ አሮጌ ሰው ተቆጥቼ በተውኩት። አላለፈም። ሐውዜን በተደበደበች በ33 ዓመቷ፣ ቀኑ ሳይዛነፍ፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶጎጋ የተባለ ገበያ ከአየር ተመታ። መከላከያ ዒላማዬ ታጣቂዎች ነበሩ አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ከ60 በላይ ሰው ሞተ አሉ። በ2014 ዓ.ም. በገና ዕለት ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ ድሮን ጥቃት አድርሶ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የፍኖተ ሰላም ሆነ። ትናንት ያንዱ ሰፈር፣ ዛሬ የሌላው። ደብዳቢውን በዘር የሚመርጥ፣ ለአንዱ ገበያ አልቅሶ ለሌላው የሚያጨበጭብ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ቢያቆመው አልቀየመውም።

የድሮኗም አምሳያ ዛሬ ይሸጣል። የልጁ ጥያቄ እዚህ ጋ ሲደርስ ያስደነግጠኛል። ሱ-25 ተሳፋሪ ባይኖራት እንኳ አብራሪ የሚቀመጥባት አንድ ወንበር አለቻት። ድሮኗ እሷም የላትም። ከታች ያለውን ሰው መጀመሪያ ከዐይናችን አወጣነው፤ ከዚያ ከላይ ያለውን ሰውም አወጣነው። አሁን የቀረው ብረቱ ብቻ ነው። እሱም ያብረቀርቃል።

በሸኮና በቴፒ መንገድ ላይ አውሮፕላን ሌላ ትርጉም የነበረበት ጊዜ ነበር። በዕድሜ የገፉ የሚዛን ሰዎችን ጠይቁ፤ መንገዱ ሳይወጣ፣ በዝናብ ወራት አገሩ ከአገር በሚቆረጥበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ሜዳ ላይ ታርፍ ነበር። ደብዳቤ፣ በሽተኛ፣ አስተማሪ፣ ዶሮ ሳይቀር ትጭናለች። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣባቸው አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። የወታደር ማመላለሻዎች ነበሩ እኮ! መቀመጫ ተገጠመላቸው፣ ተሳፋሪ ገባባቸው፣ ሲቪል ሆኑ። እንግዲህ ያ የሸኮ ልጅ የአገዳ አውሮፕላኑ ላይ መስኮት የፋቀው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። አያቱ ያዩት አውሮፕላን መስኮት ነበረው። ልጁ በትክክለኛው ሞዴል ነው የሠራው።

ቡፌው ውስጥ ግን ዲሲ-3 የለችም። የሸኮ ላምም የለችም፤ ያቺ ሻኛ አልባ፣ ገንዲን የምትቋቋም፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት ጥቂት ጥንታዊ የከብት ዘሮች አንዷ የሆነች፣ ባለ ሻኛው ከብት እየተዳቀላት ንጹሕ ዘሯ እየተመናመነ ያለች ላም። በስሟ በምትጠራው ወረዳ ውስጥ የሚያድግ ልጅ የሩሲያን ቦምብ ቁጥር በቃሉ እየያዘ፣ የላሟ መልክ ግን ነገ ከነገ ወዲያ በፎቶግራፍ ብቻ ሊያውቃት ነው። ማን ምን እንደሚያከብር ማወቅ የፈለገ ሰው ስብከቱን ትቶ ቡፌውን ይክፈት።

ይከልከል አልልም። መከልከል የሰነፍ መምህር መፍትሔ ነው፤ እኔም አንዳንዴ ሞክሬው አልሠራልኝም። የምለው ይህን ነው። ሰብሳቢ ሆይ፣ ብሎን ስትቆጥር ሰውም ቁጠር። ማቆሚያዋ ላይ የፋብሪካው ስምና ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ አንድ ቀን ጨምርበት። ሰኔ 15። ግንቦት 28። የፈለግኸውን ምረጥ፤ የጎደለ ቀን የለም። እንግዳህ ሲጠይቅህ ንገረው። እሱን መናገር የማያስችል ድፍረት ካጣህ ግን የሳሎንህ ጌጥ ሳይሆን ገመናህ ነው ማለት ነው፤ ገመና ደግሞ ቡፌ ውስጥ አይቀመጥም።

ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ምን ትጭናለች ብሎ ሲጠይቅህ «ዕቃ» አትበለው። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ሞት ያውቃል፤ ዶሮ ሲታረድ አይቷል፣ አያቱን ቀብሯል። የማያውቀው ትልልቅ ሰዎች በሞት እንደሚያፍሩና እንደሚዋሹበት ነው። ያን ቀን ያስተማርነው እሱን ነው፤ አባቱ በአንድ ቃል፣ እኔ ደግሞ በዝምታዬ።

የዘገየ መልስ ይባስ ካልሆነ፣ አባትህ ጽሑፉን ያነብልህ ይሆናልና፣ የኔ ልጅ፣ ላንተ ያልመለስኩልህ ይኸውና። ተሳፋሪው አልተሳፈረም። ታች ነው ያለው። ገበያ ሄዶ ጨው እየገዛ ነው፤ እናቱን ይዞ ቆሟል፤ ሲሰማት ቀና ብሎ ያያታል። ያንተ አውሮፕላን መስኮቶች አሏት። አትድፈናቸው።